የተማርኩት ባዮሎጂ፣ የምሠራው ጽሑፍ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ እንደምን አላችሁ!

በግሌ የምሠራ ጸሐፊ ነኝ፤ ፍሪላንሰር የምትሉት ዓይነት። የተማርኩት ግን ባዮሎጂ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ታዲያ ትምህርትህ ባከነ ማለት ነው?» ይለኛል። አልባከነም። እንዲያውም የምጽፈው በእሱ ነው።

ላብራቶሪ ስንገባ መጀመሪያ የተማርነው ያየነውን ከገመትነው ለይተን መመዝገብ ነበር። «ፈሳሹ ደፈረሰ» ያየነው ነው። «ባክቴሪያው ተራብቷል» ግምት ነው። ዛሬም ቃለ መጠይቅ አድርጌ ስመለስ የደብተሬን ገጽ ለሁለት እከፍለዋለሁ። በአንዱ በኩል «ጥያቄዬን ከመመለሱ በፊት ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠ» ብዬ እጽፋለሁ። በሌላው በኩል «የፈራ ይመስለኛል» እላለሁ። ጽሑፉ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ፍርሃቱን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። ፈጠራ የምለው ይህንን ነው፤ ካየሁት ሁሉ የቱን፣ የት ቦታ እንደማስቀምጠው መምረጥ።

ከዩኒቨርሲቲ ይዘን የምንወጣው ሁሉ ግን አይጠቅምም። ጥናታዊ ጽሑፍ መነሻውን፣ ዘዴውን፣ ከዚያ ውጤቱን ያቀርባል። መምህር እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ሥራው ነው። ሌላው አንባቢ ግን ጥሎን ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከውጤቱ እጀምራለሁ። «ተስተውሏል» የሚለውንም ትቼ ማን እንዳየው እጽፋለሁ።

ሩሲያዊውን ደራሲ አንቶን ቼኾቭን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1879 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሊማር ገባ። እየተማረ ለቀልድ መጽሔቶች አጫጭር ታሪኮችን ይሸጥ ነበር፤ ቤተሰቡንም በዚያ ገንዘብ ይደግፍ ነበር። ከመጽሔቶቹ አንዱ ለአንድ ታሪክ የሚፈቅደው 100 መስመር ያህል ብቻ ነበር። በ1884 ሐኪም ሆኖ ተመረቀ። ሕክምና መማሩ በድርሰቱ ላይ ከባድ ተጽዕኖ እንዳሳደረ ኋላ ራሱ ጽፏል። እኔ ደግሞ ያ የመስመር ገደብም ከሕክምናው ባላነሰ አስተምሮታል ብዬ አምናለሁ። በዚያች ጠባብ ቦታ ሰው በአንድ ድርጊት ካልታየ ታሪኩ አያልቅም።

እናንተም ለአዘጋጅ የጽሑፍ ሐሳብ ስትልኩ በዲግሪያችሁ አትጀምሩ። ዲግሪው ባይኖራችሁ ኖሮ የማታነሱትን ጥያቄ አስቀድሙ። ሒሳብ አያያዝ የተማረ ሰው በአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ እኔ የማላየውን ያያል። ሕግ የተማረ ደግሞ ውሉን ማን እንደፈረመ ይጠይቃል። ያንን ጥያቄ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉትና ላኩት። አዘጋጁ ማን እንደሆናችሁ ማወቅ ከፈለገ ራሱ ይጠይቃችኋል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።