ኮርኒሱን የጣለው ማስቲሹ አይደለም

እህት፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ቀን ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ የሚያገኘው ነው። የመኪናው ኮርኒስ ጨርቅ እየለቀቀ ወርዶ የሾፌሩን ፀጉር መንካት ሲጀምር፣ በቤታችን ግቢ ውስጥ አውርደን ልናለብሰው እንችላለን ወይ? ጋሼ፣ የእርስዎ ቪትዝ በአንድ ወቅት የኋላ መስታወቷ እስኪጋረድ ድረስ ወርዶባት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ወንድም፦ ጤና ይስጥልን። መውረድ ብቻ አይደለም፣ እታለም፤ መስኮት በከፈትሁ ቁጥር ነፋስ እየገባበት እንደ ድንኳን ይነፋ ነበር። እኔም መጀመሪያ በስፒል ወጋግቼ ያዝሁት። ስፒሉ ባልያዘው በኩል መውረዱን ሲቀጥል ደግሞ ጫፉን ገልጬ ማስቲሽ ቀባሁና መልሼ ለጠፍሁት፤ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ማስቲሹን ይዞ ወረደ።

እህት፦ የማስቲሹ ጥፋት መስሎዎት ሌላ ዓይነት መግዛትዎንም አልረሳሁም።

ወንድም፦ አዎን፣ ገንዘቤንም ጊዜዬንም ያባከንሁት እዚያ ላይ ነው። ኮርኒስ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ሦስት ነገር ነው። ከላይ የጣሪያውን ቅርጽ ይዞ የተጨመቀ፣ ከፋይበር ወይም ከወፍራም ካርቶን መሰል ነገር የተሠራ ሰሌዳ አለ። ከታች የምናየው ጨርቅ አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከጨርቁ ጀርባ ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ስፖንጅ አለ። ይህ ስፖንጅ ፖሊዩሬታን የሚባለው ዓይነት ስለሆነ፣ መኪናዋ ፀሐይ ላይ ስትውል የሚያገኘው ሙቀትና በክረምት የሚያገኘው እርጥበት ዓመት ከዓመት ሲፈራረቁበት ውስጡ እየተበጣጠሰ በመጨረሻ ዱቄት ይሆናል። ማስቲሹ ሰሌዳውን እንደያዘ ነው፤ ጨርቁም ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የሞተው መካከለኛው ነው። እኔ ያደረግሁት በዱቄት ላይ መለጠፍ ነበር።

እህት፦ ይህን ካወቅን ጨርቁን ሳይገፍፉ ማዳን የሚባል ነገር እንደሌለ ግልጽ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ለእኔ ቢጤው ያለችውን መኪና ጠግኖ ማቆየት እንጂ መቀየር ቀላል አይደለምና፣ ሥራውን አንድ ጊዜ በሚገባ መሥራቱ ይሻላል። ከየት ይጀመራል?

ወንድም፦ ከባትሪው። ኔጌቲቩን ፈትተሽ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ትጠብቂያለሽ፤ ቶዮታ በኤርባግ አካባቢ ለሚሠራ ሰው የሚያዘው ይህንኑ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ከበሮቹ በላይ፣ በኮርኒሱ ጠርዝ ውስጥ የተጠቀለለ የመጋረጃ ኤርባግ አለ፤ ጣሪያውን በያዘው ምሰሶ ሽፋን ላይ የኤርባግ ምልክት ካየሽ እዚያ ቦታ ላይ በካቻቢቴ መጎርጎር አይገባም። እንዲህ ያለው መኪና ከሆነ ባለሙያ አጠገብሽ ቢኖር እመርጣለሁ።

እህት፦ ከዚያ በኋላ ያለው መፍታት ብቻ ነው፦ የፀሐይ መከላከያዎቹ፣ የእጅ መያዣዎቹ፣ የመሃሉ መብራት፣ የቀበቶዎቹ የላይኛው ብሎን፣ የምሰሶ ሽፋኖቹና የበሮቹ ዙሪያ ጎማ። እኔ የራሴን ስፈታ በየደረጃው በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ ብሎኖቹንም ለየብቻ በሻይ ስኒ ውስጥ አስቀመጥሁ። የፕላስቲክ ክሊፖቹን ለመንቀል ካቻቢቴውን በጨርቅ መጠቅለል ወይም የእንጨት ማንኪያ መጠቀም ሽፋኑን ከመጫር ያድናል።

ወንድም፦ አንድ ሁለት ክሊፕ መሰበሩ ግን አይቀርም፤ ሶማሌ ተራ ስለሚገኝ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሰሌዳውን ማውጣቱ ነው። ቪትዝን በመሰለች አጭር መኪና በኋላው በር በኩል ይወጣል፤ እንደ ኮሮላ ባለችው ግን የፊት ተሳፋሪውን ወንበር እስከ መጨረሻው አስተኝቶ በዚያው በር በሰያፍ ማውጣት ያስፈልጋል። በሁለቱም ዘንድ ሥራው የሁለት ሰው ነው። እኔ ብቻዬን ልጎትት ስል ከመብራቱ ቀዳዳ አጠገብ ተሰነጠቀብኝ፤ በጀርባው በኩል ጠንካራ ጨርቅ በማስቲሽ ደርቤ ባላስተካክለው ኖሮ ስንጥቁ በአዲሱ ጨርቅ ላይ እንደ ጠባሳ ይታይ ነበር።

እህት፦ አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደረስን። አሮጌውን ጨርቅ መግፈፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በእጅ ሲስቡት ይመጣል። በሰሌዳው ላይ የሚቀረው ቡናማና ተለጣፊ ዱቄት ግን እኔን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ወንድም፦ ብዙ ሰው የሚሰንፈውም እዚያው ላይ ነው። «አዲሱ ማስቲሽ ይሸፍነዋል» ይባላል፤ አይሸፍነውም። የሽቦ ብሩሽ ሰሌዳውን ይቦጭቀዋል፤ ለስላሳው ብሩሽ ግን አቧራውን ብቻ ያነሣል። ውኃም አይሆንም፤ ካርቶን መሰሉ ሰሌዳ ውኃ ከጠጣ ያብጥና ቅርጹን ያጣል። እኔ የሚስማማኝ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ብሩሽ፣ በግትር ቦታዎች ላይ ደግሞ ያረጀ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ሳይጫኑ፣ ደጋግሞ።

እህት፦ መጨረሱን በምን ያውቃሉ?

ወንድም፦ በጥቁር ጨርቅ። ሰሌዳውን አብሼበት ምንም ካልያዘ ጨርሻለሁ፤ ዱቄት ካሳየ እንደገና እጀምራለሁ። አፍንጫን በማስክ መሸፈንና ነፋስን ከጀርባ ማድረግም አይረሳ፤ ያ ዱቄት ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል።

እህት፦ ስለ ጨርቁ ምርጫ ከእርስዎ ጋር ያልተስማማሁበት ነገር አለ። እርስዎ ግራጫው ይበቃል አሉ፤ እኔ ጥቁሩን መረጥሁ።

ወንድም፦ መኪናሽም እንደ ዋሻ ሆነች።

እህት፦ ይሁን፤ እኔ ወድጄዋለሁ። የተስማማንበት ግን ጨርቁ ከጀርባው ስፖንጅ ያለው መሆን እንዳለበት ነው። አንዲት ወዳጃችን የመጋረጃ ጨርቅ ለጥፋ ነበር፤ የሰሌዳው እያንዳንዱ ጉብታ በላዩ ላይ ታየ፤ ማስቲሹም ወደ ፊት ሰርጎ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ስፖንጁ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ጨርቁም በጎድጓዳ ቦታዎች ላይ እንዲገባ በየአቅጣጫው የሚለጠጥ መሆን አለበት። በየጠርዙ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይተውለት።

ወንድም፦ ማስቲሹን በተመለከተ ሙቀት የሚችለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ጣሪያ ምን ያህል እንደሚግል እጁን ያሳረፈበት ያውቃል፤ ለጫማ የሚበቃ ሁሉ ለኮርኒስ አይበቃም። ሌላው ጉዳይ እሳት ነው። የማስቲሽ ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እኔ ግቢ ውስጥ ስቀባ እናታችን ከሰል አቀጣጥለው ቡና ሊያፈሉልኝ አጠገቤ መጡ። ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ ረከቦቱን እስከ አጥሩ ድረስ አሸሸሁት።

እህት፦ ቡናውንም በርቀት ጠጣነው። አቀባቡን ይንገሩን።

ወንድም፦ ጨርቁን በሰሌዳው ላይ አስተካክለሽ ትዘረጊያለሽ፤ ከዚያ የፊቱን ግማሽ ወደ ኋላ ታጥፊዋለሽ። ሰሌዳውንም የስፖንጁን ገጽም በሩሎ ወይም በሚረጭ ማስቲሽ ስስ አድርገሽ ትቀቢያለሽ፤ ሲነኩት የሚይዝ ነገር ግን ጣት ላይ የማይቀር እስኪሆን ትጠብቂያለሽ። የቸኮለ ሰው እርጥቡን ይገጥመዋልና ስፖንጁ ማስቲሹን ይጠጣዋል። ከዚያ ከመካከል ወደ ጠርዝ በመዳፍ እየዳበስሽ ታስተኚዋለሽ፤ ቀጥሎ ሌላውን ግማሽ። ጎድጓዳ ቦታ ሲያጋጥም ጨርቁን አስቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ማስገባት ነው እንጂ በላዩ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ መወጠር አይገባም። የተወጠረው ቦታ በመጀመሪያው ሞቃት ቀን ይለቃል።

እህት፦ ቀዳዳዎቹን ሲቆርጡም ሙሉ ክብ አለመቁረጥ ነው፤ በምላጭ የመስቀል ቅርጽ ሰንጥቆ ጫፎቹን ወደ ጀርባ ማጠፍ ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ውስጥ ይደር።

ወንድም፦ ሲመለስ ሁሉም በተፈታበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይገባል። የቀበቶው ብሎን ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ሕይወት የሚይዝ ብሎን ስለሆነ በእጅ ጀምረሽ ክሩ መግባቱን አረጋግጠሽ በደንብ ታጠብቂዋለሽ። ባትሪው መጨረሻ ላይ ይታሰራል።

እህት፦ ባትሪው ሲታሰር ሰዓቷ ከመጀመሪያ መቁጠር ትጀምራለች።

ወንድም፦ የእኔዋ እስካሁን አልተስተካከለችም፤ ተሳፋሪው ሁሉ በፈረንጅ ነው በሐበሻ እያለ ይጠይቀኛል።