በታንኳው ላይ የነበሩት እነማን ናቸው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከታታይ ድራማ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ በዚህ በባሕር ዳር የተሰበሰብነው ድራማ ልናይ አይደለም፤ ካለቀ ዓመታት ያለፉትን ድራማ ልንከስ ነው። ተከሳሹ «ሎስት» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 በ6 ምዕራፎችና በ121 ክፍሎች የታየው፣ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ደሴት ላይ የቀሩ ሰዎች ታሪክ። ገና ያላያችሁት ካላችሁ ጆሯችሁን ድፈኑ፤ ብዙ ምስጢር አወጣለሁ።

በመጀመሪያ ክሱ በምን ሕግ እንደሚዳኝ እንስማማ። ልጆች ሳለን ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» ይለናል። ጎንደርንም ሰጥተናል፣ ጎጃምንም ሰጥተናል፤ ዘጌን የሰጠ ካለ ግን ከነቡናዋ ያስመልስልን። አገር የተቀበለ ጠያቂ መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። የ«ሎስት» ደራሲዎች ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ አገር ሲቀበሉ ኖረዋል። «እንቆቅልሽ» ብለው ለጠየቁን ሁሉ ዕዳ አለባቸው፤ እኛ ራሳችን ለፈጠርነው ጥያቄ ግን አይጠየቁም።

በዚህ ሕግ ብዙው ክስ ውድቅ ይሆናል። «የዋልታ ድብ ሞቃት ደሴት ላይ ምን ይሠራል?» እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠየቃል። መልሱ ተሰጥቷል፤ ድቦቹን ያመጧቸው ዳርማ የተባለው የምርምር ቡድን ሰዎች ናቸው፣ የታሰሩበት የብረት ፍርግርግም በ3ኛው ምዕራፍ ታይቷል። እንቅልፍ የወሰደው ተመልካች ደራሲ አይክሰስ።

የዋልት ጉዳይ ለየት ይላል። ልጁ ልዩ ኃይል እንዳለው አሳዩን፣ አሳፈኑት፣ ከዚያም ከታሪኩ ገለል አደረጉት። የመጀመሪያዎቹ 4 ምዕራፎች በደሴቲቱ ላይ የሚሸፍኑት ከ3 ወር ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ተዋናዩ ግን በዓመታቱ ውስጥ ጎረምሳ ሆነ። የልጅ ቁመት በደራሲ ትእዛዝ አይቆምም። ዕዳው እንዳለ ነው፤ እኔ በበኩሌ ወለዱን ትቼላቸዋለሁ።

የማልተወው የታንኳውን ነው። በ5ኛው ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታየ ክፍል፣ ከአደጋው የተረፈው ሶየርና ጓደኞቹ ከዘመን ወደ ዘመን ሲወረወሩ ቆይተው ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው ይመለሳሉ። ሰው የለም። ዳርቻው ላይ የማያውቋቸው ታንኳዎች አሉ፤ «አጂራ» የተባለ አየር መንገድ ስም ያለበት የውኃ ጠርሙስም ያገኛሉ። አንዱን ታንኳ ወስደው ይቀዝፋሉ። ብዙም ሳይርቁ ሌላ ታንኳ ከኋላቸው ይመጣና ተኩስ ይከፈትባቸዋል። ከሶየር ጋር ያለችው ጁልየት ጠመንጃ አንስታ አጸፋውን ትመልሳለች፤ አንድ ሰው የመታች ይመስላል። ወዲያው ሰማዩ ያበራና ወደ ሌላ ዘመን ይወረወራሉ። ሶየር አምላኩን ያመሰግናል፤ ዶፍ ዝናብ ሲቀበለው ግን ምስጋናውን ያነሳል። አሳዳጆቹ እነማን እንደነበሩ ድራማው እስኪያልቅ አልተነገረንም።

እኛ ደንገል ታንኳ ስናይ ያደግን ሰዎች ይህ ትዕይንት እንዴት አያብሰከስከን? ሐይቅ ላይ መደበቂያ የለም። ከወዲያ የሚቀዝፍ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው የሚመጣው?» ነው። ደራሲዎቹ ፊታቸውን የነፈጉን ሆን ብለው ነው፤ ከዚህ በላይ ግልጽ «እንቆቅልሽ» የለም። ታሪኩ ጊዜ ከጊዜ ጋር የሚገጣጠምበት ስለሆነ፣ ያንን ተኩስ አንድ ቀን ከሌላው ታንኳ ሆነን ማየት ነበረብን። ጁልየት የመታችው ከምንወዳቸው አንዱን ቢሆንስ? 6ኛው ምዕራፍ ሰዎቹ ሌላ ሕይወት ሲኖሩ ለሚታዩበት ለዚያ ለጎንዮሽ ዓለሙ ያን ያህል ሰዓት ሲያባክን ለዚህ ሦስት ደቂቃ ማጣቱን እኔ ይቅር አልልም።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ክስ የሚያቀርብ ሰው ጥያቄው በየትኛው ምዕራፍ እንደተነሳ አስቀድሞ ይናገር፤ መላምቱን ከዚያ በኋላ እንሰማለን። ከአደጋው ከተረፉት አንዷ በሆነችው በሊቢ እንጀምር። ሌላው ተራፊ ሀርሊ በነበረበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ታካሚ ሆና አሳዩን፤ ለምን እንደገባች ሳይነግሩን አስገደሏት። የመጀመሪያው ተናጋሪ ማን ነው?