ስልካችሁ ቂብላን እንዴት ያውቃል?

[ምስል፦ የሆቴል ክፍል፤ ስልክ ላይ የምትዞር ቀስት]

ቂብላ ለሶላት ፊታችንን የምናዞርበት፣ መካ ወዳለው ካዕባ የሚወስደው አቅጣጫ ነው፤ የሶላት አፖች በቀስት ያሳዩታል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። መካ በስተሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ዘንበል ትላለች። ዋሽንግተን ስትገቡ ግን አፑ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጠቁማችኋል። "መካ በደቡብ ምሥራቅ አይደለችም እንዴ?" ያላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።

[ምስል፦ ሉል፤ ከዋሽንግተን እስከ መካ የተሰመረ መስመር]

የግድግዳ ካርታ እንደዚያ ያስመስለዋል። ምድር ግን ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መንገድ በሰሜን አትላንቲክ በኩል ዞሮ ይሄዳል። አፑ የእናንተን ቦታ ከጂፒኤስ ይወስድና ይህን አቅጣጫ ያሰላል። ሒሳቡ አይሳሳትም።

የሚሳሳተው ኮምፓሱ ነው። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን፣ የብረት አልጋ፣ መኪና፣ ሁሉም ያምታቱታል። ከብረት ራቅ ብላችሁ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እያሠራችሁ አወዛውዙት። እኔ ግን የማምነው ካርታ ላይ የሚሰመረውን መስመር ነው። ከመንገዱ ጋር አስተያዩትና ጨርሱ።

አገር ቤት ሆናችሁ አፑን መፈተን ከፈለጋችሁ ግንቦት 20 ቀን ከቀኑ 6፡18 ላይ ፀሐይ ልክ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ ካዞራችሁ ቂብላ ያ ነው።

[ምስል፦ ጎህ ሲቀድ]

የሶላት ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የሁለት አፖች ሱብሒ (የጎህ ሶላት ሰዓት) ቢለያይ አንዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የዓለም ሙስሊም ሊግ ስሌት ጎህ የሚቀደው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትሆን ነው ይላል። የሰሜን አሜሪካ እስላማዊ ማኅበር (ኢስና) ይጠቀምበት የነበረው 15 ነው። ዋሽንግተን ላይ ይህ ቢያንስ የሩብ ሰዓት ልዩነት ያመጣል፤ በረመዳን ሱሑር (ከጎህ በፊት የሚበላውን ምግብ) ለሚበላ ሰው ቀላል አይደለም። የሰፈሩ መስጂድ የትኛውን እንደሚከተል ጠይቁና ሴቲንጉን በዚያው አስተካክሉ።

ሰኔ ላይ ስቶክሆልም ከሆናችሁ ይብሳል። ሌሊቱን ሙሉ ፀሐይ 15 ዲግሪ እንኳ አትወርድም። አፑ ያኔ ሌሊቱን ለ7 ከፍሎ ወይም አጋማሹን ይዞ ሰዓት ያወጣል። የትኛው ይሻላል የሚለው የዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) እንጂ የስልክ ጉዳይ አይደለም።

አፖቹ ላይ ያለው የሀላል ምግብ ቤት ዝርዝርም ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሞሉት ግን ተጠቃሚዎች ናቸውና ደውላችሁ አረጋግጡ።

ለዑምራ የምትሄዱ ከሆነ ኑሱክ የተባለውን የሳዑዲ አፕ ቀድማችሁ ጫኑ። መዲና ላይ በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ወዳለው ራውዳ ለመግባት ፈቃድ የሚያዘው በእሱ ነው።