ፕሮሰሰሩን ማን ነው የሚቀሰቅሰው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከባህር ዳር ነኝ፤ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ መስኮቱን ስለከፈትኩት ነው። የጣና ንፋስ ካልገባ ይሄ ክፍል ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም።

ወሬዬ ስለ ላፕቶፕ ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፖሊም ሁኑ ፔዳ፣ ሐይቅ ዳር ካፌም ተቀመጡ፣ ያላችሁ የሥራ ሰዓት ባትሪው የያዘው ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ባትሪው ቶሎ ሲያልቅበት የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል። ጥሩ ነው፣ ስክሪን በእርግጥም ይበላል። ካልሆነለት ባትሪው ሞቷል ብሎ አዲስ ፍለጋ ይወጣል። እኔ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታዩ እፈልጋለሁ፦ ላፕቶፑ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ፕሮሰሰሩን፣ ያንን የላፕቶፑን አንጎል፣ የሚቀሰቅሰው ማን ነው?

አዎ፣ ፕሮሰሰር ይተኛል። ላፕቶፑን ስትከድኑት ማለቴ አይደለም። አንድ ገጽ ከፍታችሁ እያነበባችሁ፣ ጣታችሁ ምንም ሳይነካ፣ በዚያች መሀል ይተኛል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ዊንዶውስ ይሁን ሊነክስ፣ የሚያሠራው ነገር ሲያጣ እረፍ ይለዋል። እንቅልፉ ደረጃ አለው። ሲ0 ነቅቶ እየሠራ ነው። ሲ1 ማሸለብ ብቻ ናት፤ ወዲያው ይነቃል። ሲ6 ላይ ግን ኮሩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል፣ በእጁ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ አስቀምጦ ኃይሉ ይዘጋለታል። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚያ ነው። ችግሩ፣ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ መግባትም መውጣትም ራሱ ጊዜና ኃይል ይወስዳል። ስለዚህ ሲስተሙ ይገምታል። አሁን ተኝቶ አሁን የሚነሣ ከመሰለው ወደ ሲ6 አይልከውም፤ አያዋጣማ። ትንንሽ ቅስቀሳ ሲበዛ ሥራው ኢምንት ቢሆንም እንቅልፉ ይበጣጠሳል፣ ባትሪውም በከንቱ ያልቃል።

የሚቀሰቅሰው ኢንተረፕት ነው። ኪቦርዱ፣ ታችፓዱ፣ ዋይፋዩ፣ ዲስኩ፣ ሁሉም ጉዳይ ሲኖራቸው በዚህ ነው የሚጠሩት። ኢንተረፕት በር ማንኳኳት ነው። እሱ ባይኖር ፕሮሰሰሩ እንግዳ መጣ አልመጣ እያለ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፍት ያድር ነበር።

ከሁሉ የባሰው ቀስቃሽ ለረጅም ጊዜ የሲስተሙ የራሱ ሰዓት ነበር። የድሮው ሊነክስ፣ እንደተዘጋጀበት ሁኔታ፣ በሰከንድ 100፣ 250 ወይም 1000 ጊዜ ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅስ ነበር። ሥራ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። በፈረንጆቹ 2007 የወጣው የሊነክስ ስሪት 2.6.21 ሥራ ሲጠፋ ይሄን ምት ማቆም ጀመረ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ፓወርቶፕ የሚባል መሣሪያ አወጣ፤ የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛው ዕቃ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅስ ይዘረዝራል። ጥፋተኛው በስሙ ሲታይ ፕሮግራመሮቹ ኮዳቸውን ማረም ያዙ። ይሄ ሥራ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። አዲስ ባትሪ ሳይገዛ፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ በብዙ ላፕቶፕ ላይ የባትሪ ቆይታ ተጨመረ።

እናንተም ማየት ትችላላችሁ። ሊነክስ ላይ ፕሮክ የሚባለው ማውጫ ውስጥ ኢንተረፕትስ የሚል ፋይል አለ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ጊዜ እንዳንኳኳ በየመስመሩ ይቆጥራል። አሁን ፊቴ ተከፍቷል፣ በየሰከንዱ እየታደሰ። ጣቴን ታችፓዱ ላይ ስጎትት የአንዱ መስመር ቁጥር ይሮጣል። ሳነሣ ቀጥ ይላል። ጤነኛ ማለት ይሄ ነው። ምንም ሳትነኩ የሚጋልብ መስመር ካለ ግን እሱን ያዙት። አንዳንዴ የተበላሸ ዩኤስቢ ዕቃ ነው፤ ሲነቀል ይበርዳል። አንዳንዴ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከሲስተሙ የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ወይም ባዮስ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም፣ ነው፤ ማዘመን ይፈልጋል። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሲስተም ኢንተረፕትስ የምትለዋን መስመር ተመልከቱ። ሁልጊዜ ኢምንት መሆን አለባት። ከፍ ብላ ከቆየች ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዕቃ ወይም ከድራይቨር ነው። ፓወርሲኤፍጂ የሚለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ደግሞ፣ የኢነርጂ ሪፖርት ስትጠይቁት ላፕቶፑን 60 ሰከንድ ታዝቦ ይጽፍላችኋል። በዚያች ደቂቃ ምንም አትንኩ።

አንድ ምክር ግን አልቀበልም። ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ወይም ድምፅ ሲቆራረጥ ባዮስ ገብታችሁ ሲ-ስቴትን፣ ማለትም እነዚያን የእንቅልፍ ደረጃዎች፣ ዝጉት የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ከጥልቅ እንቅልፍ መንቃት በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠሩ ማይክሮሰከንዶች ይወስዳል። ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ይሄ ሊያስጨንቅ ይችላል፤ ቻርጀር ላይ ከተሰካ ይሞክረው። በባትሪ ለሚሠራ ግን አይሆንም። ፕሮሰሰሩ ጥልቅ እንቅልፍ አጥቶ ይውላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ያ የሚጋልበው መስመርም እዚያው እንዳለ ነው። መጀመሪያ መስመሩን ፈልጉ።