ተሳቢ ጎትተን ሮኪ ተራራ ወጣን

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን። እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሳይደርስ ከጓደኞቼ ጋር መኝታ ያለው ተሳቢ ጎትተን ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ከተመለስን ወዲህ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የማወራው ይህንኑ ነው፣ ለእናንተም ላውራችሁ።

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ያለን ሐበሾች ብዙ ነን። ኤርፖርት የሚሠራ አለ፣ ታክሲና ከባድ መኪና የሚነዳ አለ፣ ሆስፒታል የሚያድር አለ። ተራራውን ሁላችንም በየቀኑ እናየዋለን። ጠዋት ሥራ ስንገባ በስተምዕራብ ቆሟል፣ ማታ ስንወጣ ፀሐይ በሱ በኩል ትጠልቃለች። እናየዋለን እንጂ አንሄድበትም። ኮሎራዶ ዓመታት ኖሮ ከሥራው፣ ከቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ የትም ያልረገጠ ሰው ብዙ አውቃለሁ። ይሄ ስንፍና አይደለም። ሁለት ሥራ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው።

ግን እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ ሰዎቿ በከፍታዋ ይኮራሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ከሮኪ ተራሮች ሁሉ ትልቁ ኤልበርት ነው፣ 4,401 ሜትር። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ሁሉ ከፍታ መጥተን ተራራ መውጣት የሌላ ሰው ነገር ሲመስለን ያሳዝነኛል። የኛም ነው። ዛሬ የምለው እሱን ነው።

ለምን ድንኳን አልያዛችሁም ያለኝ ሰው አለ። ድንኳን ርካሽ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ መተማን ተሻግሮ፣ ሱዳን ስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ነው አሜሪካ የገባው። ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል። የጉዞው ሐሳብ ሲነሳ ዝም ብሎ ሰማንና «እኔ ድንኳን ውስጥ ኖሬ ጨርሻለሁ፣ ለመዝናናት ብዬ ተመልሼ አልገባበትም» አለ። ማንም አልተከራከረውም። ነፋስ ሲመጣ የሚንቀጠቀጥ ሸራ፣ የማይዘጋ በር፣ በሌሊት ወዲያ ወዲህ የሚል የሰው ኮቴ፣ እሱ ውጪ ማደርን የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ አልጋና ምድጃ ያለው ነገር ፈለግን። ተሳቢ ተከራየን። በየቤታችን እንዲህ ያለ ሰው አለ፣ አጎት ሊሆን ይችላል፣ ባል ሊሆን ይችላል። «ካምፒንግ አልወድም» ሲል ለምን እንደማይወድ አንጠይቀውም፣ ጥለነው እንሄዳለን።

ሌላው ጓደኛችን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አገር ቤት የጅቡቲ መስመር ላይ ሠርቷል፣ አሁን እዚህ ከስቴት ስቴት ይጭናል። እሱ ስላለ ነው የደፈርነው። ከሱ የተማርኩትን ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ እውቀት እንጂ ጉልበት አይፈልግም።

ዋናው ጭነቱ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ማያያዣው ላይ፣ ማለትም የሚጎትተው መኪና ኋላ ላይ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ከባድ ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ወደፊት ይጫናል። ጓደኛችን ራሱ ቆሞ አስጫነን፣ የውሃ ጀሪካኑን እዚህ፣ የበረዶ ሳጥኑን እዚያ እያለ። ኋላው ከከበደ ተሳቢው መንገድ ላይ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል ይላል። ከተወዛወዘ ደግሞ ደንግጦ ፍሬን መርገጥ የለም። ነዳጁን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ፣ መሪውን ቀጥ ማድረግ። ሰንሰለቱን፣ የኋላ መብራቱን፣ የጎማውን ንፋስ በቆምንበት ሁሉ እየዞረ ያያል። የሠላሳ ዓመት ሹፌር ሆኖ እንኳን ይህችን ዙር አይዘልላትም።

ወደኋላ መሄድ ነው ሰውን የሚያስፈራው። መሪውን ከታች በኩል ትይዛላችሁ፣ ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ጎን እጃችሁን ትወስዳላችሁ፣ በዝግታ። ከጉዞው በፊት የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት፣ ሁላችንንም በተራ አለማመደን። እኔን ደግሞ ረዳት አደረገኝ። ልክ እንደ አገር ቤት ረዳት ከኋላ ቆሜ «ና! ና! ቁረጥ! መልስ!» እያልኩ፣ ሲቆም ሮጬ ታኮ አስገባለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ሁሉም ሰው የራሱ ድርሻ ሲኖረው ጉዞ ሌላ ነገር ይሆናል።

ከኦሮራ ወጥተን በቦልደርና በላየንስ በኩል ሄድን። ከላየንስ በኋላ መንገዱ ሸለቆ ውስጥ ይገባና መጠማዘዝ ይጀምራል። ኤስቲስ ፓርክ የምትባለው ከተማ ስንደርስ 2,293 ሜትር ላይ ነበርን። የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው። መስኮት ከፈትን፣ ያ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ የመስከረም አየር ገባ፣ መኪና ውስጥ ያለነው ሁሉ እንጦጦን አነሳን። ስንመለስ ያንኑ መንገድ በዝቅተኛ ማርሽ ነው የወረድነው፣ ሞተሩ እየያዘን። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል። ሊማሊሞን በጭነት የወረደ ሰው ይህን አይረሳም አለን ሹፌራችን፣ አነዳዱም ያስታውቃል።

ያረፍነው ፓርኩ ውስጥ ግሌሸር ቤዚን የሚባል የካምፒንግ ማደሪያ ቦታ ላይ ነው፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ኤሌክትሪክ የሚሰካበት የለም፣ ውሃ በቧንቧ ወደ ተሳቢው አይገባም። ባትሪ፣ ጋዝና የራሳችሁ የውሃ ታንከር ነው። ጄነሬተር የሚፈቀደው በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው፣ ይሄ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ፀጥ ይላል። ድብ ስላለ ምግብ ውጪ አይተውም። ማሰሮ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ቡሩሽ ሳይቀር፣ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ይቆለፍበታል። ዶሮ ወጡን ከቤት ሠርተን በረዶ አድርገን ነው የወሰድነው፣ እንጀራውን በፎጣ ጠቅልለን። እሱን አሙቀን፣ ከበላን በኋላ ድስቱን አጥበን፣ ጠረጴዛውን ጠርገን፣ ፍርፋሪ እንኳን ለቅመን። ጠዋት ቡና ስንቆላ ከካንሳስ የመጡ ጎረቤቶቻችን ሽታው ስቧቸው መጡ፣ እስከ በረካ ጠጡ።

አሁን ስለ ኤልክ ልንገራችሁ። አጋዘን ይመስላል፣ ግን ወንዱ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቀንዱ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነው። መስከረም ወንዱና ሴቷ የሚገናኙበት ወቅት ነው። ወንዱ ሴቶቹን ለመጥራትና ሌላውን ወንድ ለማባረር ይጮኻል። ድምፁ ከዚያ አካል የሚወጣ አይመስልም፣ ቀጭን ነው፣ እንደ ፉጨት ተጀምሮ ወደ ላይ ይሳባል፣ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ሁላችንም ነቅተን ተቀመጥን። በሱዳን የመጣው ጓደኛችን በሩን ከፍቶ ደረጃው ላይ ወጣ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ። እኔም ተከተልኩት። «እዚያ ሌሊት ድምፅ ስሰማ የማስበው ሰው ነው» አለኝ፣ «እንስሳ ብቻ መሆኑ እንዴት ደስ ይላል»። ከዚያ ወዲያ ብዙ አላወራንም፣ እስኪነጋ ግን ወደ ውስጥ አልገባም።

በማግስቱ ተሳቢውን ማደሪያው ላይ ትተን በመኪና ብቻ ትሬይል ሪጅ ሮድ ወጣን። እ.ኤ.አ. በ1932 የተከፈተ መንገድ ነው፣ 77 ኪሎ ሜትር፣ ጫፉ 3,713 ሜትር ላይ ይደርሳል። ዛፉ እያጠረ፣ እየተንሻፈፈ ሄዶ በመጨረሻ ያልቃል። ከዚያ በላይ ሣርና ድንጋይ፣ መሬት ላይ የተለጠፈ ቀይና ቡናማ ቅጠል። ያ ተክል እግር ከረገጠው ለማገገም መቶ ዓመታት ሊፈጅበት ስለሚችል ከተሠራው የእግር መንገድ አትውጡ።

ደባርቅ ያደገ ጓደኛ አለን። እዚያ ላይ ሲወርድ ዝም ብሎ ዙሪያውን አየና «ታዲያ ሰዉ የት አለ?» አለ። ትልቅ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ በዚህ ከፍታ ገብስ ይዘራል። ጅብራው ቆሞ፣ አስታው ለምልሞ፣ ጭላዳው ከበጉ ጎን ሣር እየነጨ፣ እረኛ ዋሽንት ሲነፋ የሚሰማበት ከፍታ ነው። ኮሎራዶ ከምድር ወገብ ስለምትርቅ ዛፍ 3,500 ሜትር አካባቢ ያበቃል፣ ክረምቱም ሰው አያኖርም። ስሜን ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ሳይንቲስቶች 3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ የስሜን ገበሬዎችን ደም መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። ኦክስጅኑ በሳሳበት አየር እየኖሩ የደማቸው ሄሞግሎቢንም (ኦክስጅን የሚሸከመው) የኦክስጅን መጠንም ባሕር ጠረፍ ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህን ስነግረው «እናቴ እንስራ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አይታክታትም ነበር» አለ። እኔ ሁለት ደረጃ ወጥቼ ሳለከልክ እሱ ተራራው ላይ እያወራ ይሄዳል።

ወደ ምዕራብ በኩል ስንወርድ የተቃጠለ ጫካ ገጠመን። ኢስት ትራብልሰም የተባለው እሳት እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቅምት ላይ ከ190,000 ኤከር በላይ በልቷል። ዛፍ የሌለውን የተራራ ጫፍ ሳይቀር ዘልሎ ወደ ምሥራቁ ወገን ተሻግሯል። ጥቁር ግንድ እስከ ዓይን ዳር፣ ሥሩ ላይ ግን አረንጓዴ። ደባርቄው እ.ኤ.አ. በ2019 ስሜን ሲቃጠል ያየውን አወራን። የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች እስኪመጡ። ከሁላችንም ይልቅ እዚያ የተቃጠለ ጫካ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየው እሱ ነው፣ ችግኝ እያየ።

ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀመጥን። ስልክ አይሠራም። እኛ እኮ የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ነው፣ ክርስትና ላይ ነው፣ ሰርግ ላይ ነው፣ ያኔም አንዱ ሺፍት አለኝ ብሎ ይነሳል፣ ሌላው ልጅ ሊያመጣ ይሮጣል። እዚያ ማንም አልተነሳም። አገር ቤት ስላረጁ ወላጆቻችን፣ ስላልተከፈለ ዕዳ፣ ከልጆቻችን ጋር ስለጠፋን ቋንቋ አወራን። ለዓመታት የማውቃቸውን ሰዎች ብዙ ነገር ገና ያኔ ሰማሁ።

ቤተ ክርስቲያን ላይ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ቤት እያላችሁ ዱር ማደር ምን ይሉታል?» አሉን። እሳቸው ከዱር እንጨት ለቅመው፣ ከወንዝ ውሃ ቀድተው ነው ያደጉት፣ እንዲያ ማለታቸው ልክ ነው። እኔ ግን ልጆቻችንን አስባለሁ። እዚህ የተወለደ ልጅ ተራራውን የሚያውቀው ከትምህርት ቤት ጉዞ ብቻ ከሆነ፣ የጓደኞቹ ቤተሰቦች ቦታ እንጂ የሱ ቤተሰብ ቦታ አይመስለውም። እናንተ ካልወሰዳችሁት ማን ይወስደዋል? ለእናትየዋም «በሚቀጥለው ከእኛ ጋር ይምጡ፣ አልጋ አለው» ብያቸዋለሁ፣ አልሳቁብኝም፣ «ይበርዳል?» ብለው ጠየቁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ የማደሪያ ቦታው የሚያዘው ከ6 ወር በፊት ነው፣ በኢንተርኔት፣ ቶሎ ያልቃል። ለሐምሌ የፈለገ ጥር ላይ ይቀመጥ። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በቀን ለመግባትም ሰዓት ማስያዝ ያስፈልግ ይሆናል፣ አስቀድማችሁ እዩ። ትሬይል ሪጅ ሮድ በጥቅምት አጋማሽ አካባቢ በበረዶ ይዘጋል፣ የሚከፈተው ወደ ግንቦት መጨረሻ ነው። በዚህ አገር በጋ፣ ሐምሌ አካባቢ ከሆነ ከቀትር በኋላ መብረቅ ስላለ ከጫፉ ቀደም ብላችሁ ውረዱ። ተሳቢ ስትከራዩ ርዝመቱን ጠይቁ፣ ግሌሸር ቤዚን ከ35 ጫማ በላይ አያስገባም። ድንኳን አልገባም ያለው ጓደኛችን ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ለሐምሌ ቦታ ሊይዝ ነው፣ እኔንም ረዳትነቱን እንዳትለቅ ብሎኛል። በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።