ድሮፕዳውኑ ለማን ይከፈታል?

ሄለን፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ድሮፕዳውን ነው። ያቺ "አገር ይምረጡ" የምትለው ሳጥን። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስንቱ ሰው ፎርሙን ሞልቶ ሞልቶ እሷ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ዳዊት፦ ችግሩ የሚጀምረው ዴቨሎፐሩ ብሮውዘሩ የሰጠውን ሴሌክት፣ ማለትም ዝግጁውን የምርጫ ሳጥን፣ ትቶ በዲቭ፣ በራሱ ትርጉም በሌለው ባዶ ሳጥን፣ የራሱን ሲሠራ ነው። ያምራል፣ በማውስም ይሠራል። ማውሱን አስቀምጠሽ ወደሚቀጥለው ሳጥን የሚያሻግረውን የታብ ቁልፍ ስትጫኚ ግን ዘሎት ያልፋል።

ሄለን፦ ስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበውን ፕሮግራም፣ የሚጠቀም ሰውስ?

ዳዊት፦ እሱማ የሚከፈት ነገር መሆኑን በምን ይወቀው? ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ጭነሽ ሞክሪው፣ ነፃ ነው። እውነተኛ ሴሌክት ላይ ስትደርሺ ስሙን፣ የምርጫ ሳጥን መሆኑን፣ አሁን የተመረጠውንም ይነግርሻል። ዲቩ ላይ ጽሑፉን ብቻ ያነብና ዝም።

ሄለን፦ "አሪያ ጨምረንበታል" የሚሉም አሉ እኮ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ለስክሪን ሪደር የሚነግረውን የኮድ ምልክት።

ዳዊት፦ አሪያ ስም ይሰጠዋል እንጂ ሥራውን አይሠራለትም። ቀስቱን፣ ኢንተሩን፣ ኢስኬፑን በጃቫስክሪፕት አንድ በአንድ የምትጽፊው አንቺው ነሽ። ሴሌክት ላይ ግን የእንግሊዝኛ ዝርዝር ከሆነ ኢ፣ ቲ፣ ኤች ብለሽ ቶሎ ቶሎ ስትጫኚ ኢትዮጵያ ላይ ያርፍልሻል፣ አንድ መስመር ኮድ ሳትጽፊ።

ሄለን፦ እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ገና ሳትመርጥ ገጹ የሚቀየርበት ነው። አራተኛውን ፈልገህ በቀስት ስትወርድ፣ ሁለተኛው ላይ ገና ስትደርስ ሌላ ገጽ ይዞህ ይሄዳል! ደብሊውካግ፣ አካል ጉዳተኞችም ድረ ገጽ መጠቀም እንዲችሉ የወጣው መመሪያ፣ ሰውየው ቀድሞ ካልተነገረው በቀር ይህን አይፈቅድም። "ሂድ" የሚል በተን ቢያስቀምጡ ምን ነበረበት?

ዳዊት፦ ራዲዮ በተንም፣ አንዱን ብቻ የምትመርጪባቸው ትንንሽ ክቦች፣ እንደዚያው ችግር አለበት። "ትዳር አለዎት?" የሚለው ጥያቄ ምርጫዎቹን በአንድነት በሚያቅፈው ፊልድሴት ውስጥ በሌጀንድ፣ ማለትም በርዕስነት፣ ካልገባ፣ ሰሚው ጆሮ የሚደርሰው "አዎ" ብቻ ሊሆን ይችላል። ምኑ ነው አዎ?

ሄለን፦ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውም አለ። በፈረንጆቹ 2023 የወጣው ደብሊውካግ 2.2 የሚነካው ቦታ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን ይላል፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር። ለእኔ ይሄ ራሱ ያንሳል። ሌብሉን፣ ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ፣ በኮድ ከሳጥኑ ጋር ብታያይዘው ግን ጽሑፉን ሲነካም ይመረጥለታል፣ ቦታው ሰፋ ማለት ነው።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ።

ሄለን፦ ዲዛይነሩ "ተራው ሴሌክት አስቀያሚ ነው" ካለህስ?

ዳዊት፦ ከ2025 ወዲህ ክሮም ላይ የሚከፈተውን ዝርዝር ሳይቀር በሲኤስኤስ፣ ለገጹ መልክ በሚሰጠው ኮድ፣ ማስዋብ ይቻላል። ይህን የማያውቅ ብሮውዘር ላይ ተራው ሴሌክት ይመጣል፣ እሱም ይሠራል።