ሳያሳዩ ያሳዩኝ ፊልሞች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ስለምወዳቸው ፊልሞች ብቻዬን ልናገር ወድጃለሁ። ምርጥ ፊልሞች ላለማለት ተጠንቅቄያለሁ። ምርጦቹን ደረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ የሐያስያንን ድምፅ እየሰበሰበ ዝርዝር ያወጣል፣ ዝርዝሩም በወጣ ቁጥር ክርክር ያስነሣል። የእኔ መመዘኛ ከዚያ የጠበበ ነው። አንድን ፊልም አይቼ ስጨርስ፣ ዳይሬክተሩ ለማየት በጣም የጓጓሁለትን ነገር ሆን ብሎ ከዐይኔ አርቆት እንደሆነ፣ ያ ክልከላም ከማሳየት የበለጠ አሳይቶኝ እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። ስለተሸሸገ ነገር ለመናገር መግለጥ ግድ ስለሚል፣ የአንዳንዶቹን ፍጻሜ እንደምናገር ከወዲሁ ላሳውቃችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሕንዳዊው ዳይሬክተር በሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» እጀምራለሁ። ይህ በ1955 የወጣ የቤንጋል ፊልም የተሠራበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። ራይ ቀረጻውን ሲጀምር በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የሥዕል ባለሙያ ነበር፤ ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራም ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ አንሥቶ አያውቅም። ገንዘብ ሲያልቅ እየቆመ፣ ሲገኝ እየቀጠለ ሥራው ዓመታት ፈጀ። እኅትና ወንድም ነጭ አበባ በለበሰ ሜዳ ውስጥ አልፈው ባቡር የሚያዩበትን ዝነኛ ትዕይንት የመጀመሪያ ክፍል ቀርጸው በሳምንቱ ሲመለሱ፣ ከብቶች አበባውን ግጠው ጨርሰውት አገኙ፤ ቀሪውን ለመቅረጽም አበባው እንደገና እስኪያብብ ድረስ እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። ትዕይንቱን ባየሁ ቁጥር በመካከሉ ያለፈውን ያን ጊዜ የሚያሳብቅ መጋጠሚያ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁም።

እኔን ይዞ የቀረው ግን ሌላ ቦታ ነው። አባት ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዶ ሳለ ልጁ ዱርጋ በዝናብ ተመትታ፣ በትኩሳት ታማ ትሞታለች። አባት ይህን ሳያውቅ ይመለስና ያመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣ ለሚስቱ ያሳያል፤ በመጨረሻም ለዱርጋ የገዛውን ሳሪ ያወጣል። እስከዚያች ቅጽበት ፀጥ ብላ የቆየችው እናት ልብሱን ስትይዝ አንጀቷ አይችልላትም፣ አፏን ከፍታ ትጮኻለች፤ ጩኸቷን ግን አንሰማም። ራይ የእናትየዋን ድምፅ አጥፍቶ በቦታው ታር ሸህናይ የተባለውን የክር መሣሪያ አስገብቷል። ስለ ፊልም ሙዚቃ ብዙ ቅሬታ አለኝ፤ አብዛኛው መቼ እንደማለቅስ ሊያዝዘኝ የሚሞክር ነው። እዚህ ግን ሙዚቃው የኀዘኑ አጃቢ ከመሆን አልፎ በድምፁ ቦታ ገብቷል፤ ጩኸቱን በትክክል ብንሰማው ኖሮ የአንዲት ተዋናይት ችሎታ ብቻ አድርገን ልንወስደው በቻልን ነበር። አሁን ግን የጎደለውን ድምፅ እያንዳንዱ ተመልካች ከገዛ ትዝታው ያመጣዋል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ አለ። ዱርጋ በሕይወት ሳለች የጎረቤት ልጅ ሐብል ሰርቀሻል ተብላ ተከስሳ አልሰረቅሁም ብላ ነበር። ቤተሰቡ መንደሩን ለመልቀቅ ዕቃ ሲሰበስብ ታናሽ ወንድሟ አፑ ሐብሉን ተደብቆ ያገኘዋል። ለማንም አይናገርም፤ ሮጦ ሄዶ ኩሬ ውስጥ ይጥለዋል፣ ውኃውን የሸፈነው አረንጓዴ ሣርም ለአፍታ ይከፈትና ይገጥማል። የእኅቱን ስም ለመጠበቅ ሕፃኑ የወሰደውን ውሳኔ አንድም ቃል ሳይነገር ተረዳነው። ስለ ፍቅር ረጅም ንግግር የሚያደርጉ ፊልሞች ይህን ትዕይንት አይተው ዝም ቢሉ ደስ ይለኝ ነበር።

የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ» በ1952 የተሠራ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በራጅ ምስል ሲሆን፣ የምናየው የአንድ ሰው ጨጓራ እንደሆነና ሰውየው ካንሰር እንዳለበት ገና እንደማያውቅ ተራኪው ይነግረናል። ዋታናቤ የሚባለው ይህ ሰው ለሠላሳ ዓመት ያህል በማዘጋጃ ቤት ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረ የክፍል ኃላፊ ነው። በሰፈራቸው ያቆረ ቆሻሻ ውኃ ደርቆ ቦታው የልጆች መጫወቻ እንዲሆንላቸው የጠየቁ ሴቶች ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለሱ የሚታዩበት ክፍል፣ ስለ ቢሮክራሲ ከተሠሩት ሁሉ ለእኔ ይበልጥብኛል። ዋታናቤ ሞቱ መቅረቡን ሲያውቅ ከብዙ መንከራተት በኋላ ይህን መጫወቻ ለማሠራት ይወስናል፤ እኛም ትግሉን፣ ድሉንና የመጨረሻ ቀኑን በተራ እናያለን ብለን እንጠብቃለን።

ኩሮሳዋ ግን ከውሳኔው ተነሥቶ አምስት ወር ይዘልና በቀጥታ ለቅሶ ቤት ያስገባናል። ባለታሪኩ ሞቷል፤ ከፊልሙ ግን ገና ብዙ ይቀራል። ባልደረቦቹ ከፎቶግራፉ ፊት ተቀምጠው እየጠጡ መጫወቻውን የሠራው ማን እንደሆነ ይከራከራሉ፤ ምስጋናው ለሌላ ክፍል ወይም ለአለቆች እንዲሰጥ የሚሹም አሉ። እኛም ከእያንዳንዱ ሰው ትዝታ ቁርጥራጭ እየለቀምን ሰውየው በመጨረሻዎቹ ወራት ምን እንዳደረገ እንገጣጥማለን። ይህ ክፍል ረዘመ የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አልስማማም። ትግሉን በቀጥታ ብናይ ኖሮ አንድ ጀግና አይተን፣ አድንቀን እንወጣ ነበር። ከለቀስተኞቹ መካከል ስለተቀመጥን ግን የምንመስለው ዋታናቤን ሳይሆን እነዚያን ከአጠገቡ ሆነው ያላስተዋሉትን ባልደረቦች መሆኑ ይገለጥልናል። ሞቅ ሲላቸው እንደ እርሱ እንሠራለን ብለው ይምላሉ፤ በኋላ ቢሮው ውስጥ አዲስ ባለጉዳይ ሲመጣ ወደ ሌላ ክፍል ይሸኙታል። ከካንሰሩ ይልቅ የሚያመኝ ይህ ነው።

ስለ ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ስለ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ብዙ ስለተባለ አላረዝምም። በ1948 የወጣ ሲሆን፣ ከላይ በጠቀስኩት መጽሔት የመጀመሪያ ዝርዝር፣ በ1952ቱ፣ አንደኛ የሆነው እርሱ ነው። ሙዚቃው አሁንም ይከብደኛል። ቢሆንም የተሰረቀችው ብስክሌት እስከ መጨረሻው አለመገኘቷን፣ በዚህ ፈንታ አባት ራሱ በልጁ ዐይን ፊት ሌባ መሆኑን፣ ልጁም ምንም ሳይል እጁን መያዙን የሚተካ ፍጻሜ ማንም ሊያቀርብልኝ አይችልም።

ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ በዚያው መጽሔት ዝርዝር አንደኛ የሆነው የቤልጅጓ ዳይሬክተር የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» ደግሞ ክልከላውን በተቃራኒው መንገድ ይሠራበታል። ፊልሙ በ1975 ሲወጣ አከርማን ገና 25 ዓመት ነበራት። ለ201 ደቂቃ የአንዲት ባል የሞተባት ሴት የሦስት ቀን ውሎ ይታያል። ካሜራው ከቦታው ሳይነቃነቅ ድንች ስትልጥ፣ ሥጋ ስታዘጋጅ፣ ሳሕን ስታጥብ ያሳየናል፤ ሌላ ፊልም ቆርጦ የሚጥለውን ሁሉ አንድም ሳይቀንስ ይሰጠናል። ሴትየዋ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ የሚከፍሏትን ወንዶች ስታስገባ ግን የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል፣ እኛም ከውጭ እንቀራለን። በሩ ለእኛ የሚከፈተው በሦስተኛው ቀን ብቻ ነው፤ ከበሩ በስተጀርባ የሚሆነውን አልናገርም። የምለው፣ ያ ቅጽበት ሲደርስ ድንጋጤው የሚመጣው ከድርጊቱ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከልክ በላይ ሲበስል ያየ ዐይን አንድ ነገር መናጋቱን አስቀድሞ አውቆታል። ይህን ፊልም ፍጥነት ጨምሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ባያየው ይሻለዋል።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ውስጥ የሚከለክለን ባለታሪኩ ራሱ ነው። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አግኝቷል። አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ ዕድሜው ገፍቶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። እግሩ እንዴት እንደተቆረጠ መንደርተኛው ሊያውቅ ይፈልጋል፣ እኛም እንፈልጋለን፤ አንበርብር ግን ትዝታው ስለተበጣጠሰ ሊነግረን አይችልም። ታሪኩ የሚወጣው በቅዠት፣ በቁርጥራጭ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ነው። የወጣትነት ተስፋው፣ የአብዮቱ ስብሰባ፣ የጓደኛው የተስፋዬ መገደል እየተቀላቀለ ይመጣና፣ አንበርብር ራሱ በጀርመን የዘረኞች ጥቃት እንደደረሰበት የምንረዳው ዘግይተን ነው። አንዳንድ ተመልካቾች ታሪኩ ተራ በተራ ቢነገር ይቀል ነበር ይላሉ። ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ያ ትውልድ በራሱ ላይ የደረሰውን በሥርዓት አስቀምጦ መናገር አልቻለም፣ ፊልሙም ያልነበረውን ሥርዓት ፈጥሮ አላበደረውም። የእናትየዋን መጠየቅና መጠበቅ ስናይ፣ ያልተነገረው ነገር ለሚሰሙት ሰዎችም ሸክም መሆኑ ይሰማናል።

የመጨረሻው የኢራናዊው ዳይሬክተር የአባስ ኪያሮስታሚ «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ነው፤ ዓመቱ 1987። አሕመድ የክፍል ጓደኛውን ደብተር በስሕተት ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ ጓደኛው የቤት ሥራውን በደብተሩ ላይ ሳይሠራ ከመጣ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ልጁ በጠመዝማዛው የኮረብታ መንገድ ወደ ጎረቤት መንደር ይሮጣል፣ ትልልቆቹ ሰዎችም ወይ አይሰሙትም ወይ ያዘገዩታል። ቤቱን ሳያገኝ ማታ ይመለሳል። ሌሊት ምን እንደወሰነ ኪያሮስታሚ አያሳየንም፤ በማግስቱ መምህሩ የጓደኛውን ደብተር ሲከፍት ግን የቤት ሥራው ተሠርቷል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም ላላየ አድማጭ በዚህ በመጨረሻው እንዲጀምር እመክራለሁ፤ 83 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከልጆችም ጋር ሊታይ ይችላል። ከዚያ «የብስክሌት ሌቦች»ን፣ ቀጥሎ «ፓተር ፓንቻሊ»ን እዩ። «ጤዛ»ን ከሰው ጋር ሆናችሁ ብታዩት መልካም ነው፣ ብዙ የሚያነጋግር ነገር አለበትና። «ዣን ዲልማን»ን ግን ሌላ ጉዳይ የሌለባችሁን ቀን ጠብቃችሁ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ በአንድ ቁጭታ ጨርሱት።